ሙጫ የመርከብ ቀን አያውቅም፦ ግማሽ አውሮፕላን ይዛ ባሕር ለምትሻገር የእህቴ ልጅ

ልጄ፣ ሃምቡርግ ሥራ በማግኘትሽ እንኳን ደስ ያለሽ። እናትሽ የነገረችኝ ስለ ደመወዙና ስለ ቤቱ ነው፤ አንቺ ግን በስልክ የጠየቅሽኝ ሌላ ነበር፦ «ጋሼ፣ ከመሄዴ በፊት ክንፎቹን ጨርሼ ልጫናቸው?» መልሴ አጭር ነው፤ አትጨርሺ። ምክንያቱ ግን ረዘም ስለሚል በጽሑፍ አደረግሁት። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በአውሮፕላን ጥገና ነው፤ መጀመሪያ ቦሌ፣ ኋላም እዚሁ ሲያትል። ስለዚህ የምታነቢው የመካኒክ ምክር ነው። የኑሮውን ምክር እናትሽ ታሟላልሻለች።

ሌላም ወጣት ሊያነበው ስለሚችል ስለ አውሮፕላኑ ሁለት ቃል ልበል። ጋራዥሽ ውስጥ ያለው ኮዚ ማርክ ፎር የተባለው ባለ አራት መቀመጫ ነው። ዘሩ የሚመዘዘው በርት ሩታን እ.ኤ.አ. በ1975 ካበረራት ቫሪኢዚና በ1979 ከተከተለቻት ሎንግ ኢዚ ነው፤ ናት ፓፈር ያንን ንድፍ አስፍቶ ኮዚን አወጣ። የአሠራሩ ብልሃት ሻጋታ አለመፈለጉ ነው። ፎሙን በጋለ ሽቦ በክንፍ ቅርጽ ይቆርጡታል፣ የፋይበርግላስ ጨርቅ ያለብሱታል፣ ጨርቁን በኤፖክሲ ያርሱታል፣ ሲደርቅ ክንፍ ይሆናል። ፋብሪካ አያስፈልግም፤ ጋራዥ፣ ሚዛን፣ መቀስና ትዕግሥት ይበቃል። ሰውን የሚያታልለውም ይኸው ቅለቱ ነው።

1. አውሮፕላኑ የየት አገር እንደሚሆን አስቀድመሽ ወስኚ።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከሳጥኑና ከመርከቡ ነው። መጀመር ያለበት ግን ከምዝገባው ነው።

አሜሪካ ውስጥ በእጅ ለሚሠራ አውሮፕላን ሕጉ ለቀቅ ያለ ነው። አብላጫውን ሥራ፣ በተለምዶ 51 በመቶ የሚባለውን፣ ለራሱ ትምህርት ወይም መዝናኛ ብሎ የሠራው አማተር መሆኑን ታሳያለሽ። የአቪዬሽን ባለሥልጣኑ የኤፍ.ኤ.ኤ. ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ በመሃል የሆነውን የሚያውቀው ከሥራ መዝገብሽና ከፎቶዎችሽ ነው። ከዚያ የሙከራ በረራ ሰዓት ይቆረጥልሻል፤ የሞተሩና የፕሮፔለሩ ጥምረት የተመሰከረለት ከሆነ በተለምዶ 25፣ ካልሆነ 40 ሰዓት።

አውሮፓ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. የ2018ቱ የአውሮፓ ኅብረት የአቪዬሽን ደንብ፣ ቁጥር 2018/1139፣ አማተር የሠራቸውን አውሮፕላኖች ከማዕከላዊው ቁጥጥር አውጥቶ ለየአገሩ ትቷቸዋል። ጀርመን ውስጥ ባለሥልጣኑ ብራውንሽቫይግ ከተማ የሚገኘው ኤል.ቤ.አ. ነው፤ ሠሪዎቹን የሚያሰባስበውና የሚያማክረው ደግሞ በኦስካር ኡርሲኑስ ስም የተሰየመው ማኅበር ነው። እዚያ ሥራው ሲያልቅ ብቻ ሳይሆን እየተሠራም ይታያል። እንግሊዝም በላይት ኤርክራፍት አሶሲዬሽን በኩል እንዲሁ ታደርጋለች፤ ተቆጣጣሪው ክፍሉ ከመዘጋቱ በፊት ያያል፣ ይፈርማል።

አሁን ችግሩን ተመልከቺ። አልሙኒየም ቢሆን ሪቬቱ ተነቅሎ ውስጡ ይታይ ነበር። ኮምፖዚት አንዴ ከደረቀ ካልቆረጡት አይከፈትም። ሲያትል ላይ ተጣድፈሽ የዘጋሽውን ክንፍ ሃምቡርግ ያለው ተቆጣጣሪ «ስፓሩን፣ ሸክም ተሸካሚውን የውስጥ ምሰሶ፣ አሳዪኝ» ቢልሽ ምን ታሳዪዋለሽ? ፎቶውን ሊቀበል ይችላል፤ ላይቀበልም ይችላል። ያ የእሱ ሥልጣን ነው፣ አያከራክርም።

«በአሜሪካ መዝገብ አስመዝግቤ እዚያ አበረዋለሁ» የሚል ሐሳብም ይኖርሽ ይሆናል። የአሜሪካ የሙከራ ምድብ የምስክር ወረቀት የዓለም አቀፉን የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የአየር ብቁነት መስፈርት አያሟላም፤ ስለዚህ ሌላ አገር የመቀበል ግዴታ የለበትም። በሄድሽበት ሁሉ የዚያን አገር ፈቃድ መለመን ነው። የአውሮፓ አገሮች አንዳቸው የሌላውን አማተር አውሮፕላን እንዲያስተናግዱ እ.ኤ.አ. በ1980 የተሰጠ የጋራ ምክረ ሐሳብ አላቸው፤ እሱ ግን የአባል አገሮቹን መዝገብ እንጂ የአሜሪካን አይመለከትም።

ስለዚህ ለጀርመኖቹ ማኅበር አሁኑኑ ጻፊ። የትኛው ንድፍ እንደሆነ፣ የት እንደደረሰ፣ በየትኛው ሬዚንና በየትኛው ጨርቅ እንደተሠራ፣ ከፎቶ ጋር። የሚሰጡሽ መልስ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ሊቀይረው ይችላል።

2. ለሙጫው ቀነ ገደብ አትስጪው።

ኤፖክሲ የሚጠነክረው በራሱ ጊዜ ነው። መኪና የሚያስተካክሉ የቦዲ ሠራተኞች ከፖሊስተር ጋር የለመዱት ነገር አለ፤ ቶሎ እንዲደርቅ ማጠንከሪያ ይጨምሩበታል። ኤፖክሲ ይህን አይወድም። ኤም.ጂ.ኤስ. ኤል 285 የሚባለው ለ100 ግራም ሬዚን 40 ግራም ማጠንከሪያ ይፈልጋል፤ ከዚያ ብትጨምሪም ብትቀንሺም ያልተጋባው ትርፍ ክንፉ ውስጥ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። በአንድ ጽዋ አብዝተሽ ከበጠበጥሽው ደግሞ ራሱን በራሱ አግሎ ይጨሳል። የክፍሉ ሙቀት ከ21 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ደግ ነው፤ የሲያትል ጋራዥ በኅዳር ያለ ማሞቂያ እዚያ አይደርስም። ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ሲያገኘው ደግሞ ፊቱ ላይ ሰም መሰል ቅባት ያወጣል፤ ያንን ሳያጥብ ቀጣዩን ጨርቅ የሚደርብ ሰው የማይያያዝ ነገር ደርቧል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ከደረቀ በኋላ ያለው ነው። በክፍል ሙቀት ብቻ የደረቀ ኤፖክሲ ሲነኩት ጠንካራ ነው፤ ሙቀቱ ከ50 ወይም ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ ግን እንደየዓይነቱ መለስለስ ይጀምራል። እነዚህ አውሮፕላኖች ነጭ የሚቀቡት ለውበት አይደለም፣ ፀሐይ እንዳያግላቸው ነው። ፀሐይ የሚመታው የብረት ኮንቴይነር ደግሞ ውስጡ ወደዚያው ሙቀት ይጠጋል። እንግዲህ ባለፈው ሳምንት የደረቀ ክንፍ፣ ሁለት ቦታ ብቻ ተደግፎ፣ የወጥ ቤት ዕቃ ካርቶን ተጭኖበት፣ የፓናማን ቦይ ሲያቋርጥ አስቢው። አይሰበርም፤ ይጣመማል። ስብራት ቢሆን በዓይን ይታያል። በትንሹ የተጣመመ ክንፍ ግን ደህና ይመስላል፤ ችግሩን የሚናገረው አየር ላይ ነው።

ስለዚህ ሳጥኑ ከመታሸጉ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብለሽ ማልበስ አቁሚ። የሬዚኑ አምራች በሙቀት ማጠንከርን የሚፈቅድ ከሆነ፣ ክንፉ በቅርጹ ልክ በተሠራ ድጋፍ ላይ እያለ፣ ቀስ ብለሽ አድርጊው፤ ሰማያዊው ፖሊስታይሪን ፎም ራሱ ከ70 ዲግሪ ብዙም የዘለለ እንደማይችል ሳትረሺ። የክንፉን ጥምዝ ሥሩ፣ መሃሉና ጫፉ ላይ በማዕዘን መለኪያ ለክተሽ ጻፊ። ሃምቡርግ ሳጥኑ ሲከፈት መጀመሪያ የምታደርጊው ያንኑ ልኬት መድገም ነው።

3. በበሩ የሚያልፍ ደረጃ ላይ ቁሚ።

የ20 ጫማ ኮንቴይነር ውስጡ 5.9 ሜትር ያህል ርዝመትና 2.35 ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ በሩ ከዚያም ትንሽ ይጠባል። የኮዚ ርዝመት 5.2 ሜትር ገደማ ስለሆነ አካሉ በርዝመቱ ይገባል። ክንፎቹ እያንዳንዳቸው በሦስት ብሎን ስለሚታሰሩ ለየብቻ ይቆማሉ። አስቸጋሪው መሃለኛው ስፓር ነው፤ ከመቀመጫዎቹ ኋላ አግድም አቋርጦ ሁለቱን ክንፎች የሚሸከመው። ርዝመቱ ከኮንቴይነሩ ስፋት ይበልጣል። አካሉ ላይ በፋይበርግላስ ከታሰረና በግራ ቀኙ የነዳጅ ታንኮቹ ከተከተሉ ዕቃው በደህና አይገባም። አጋድመው ያስገቡ ሰዎች አሉ፤ እኔ ወደብ ላይ በፎርክሊፍት ሲያጋድሙት ቆሜ ማየት አልፈልግም። አካሉ፣ ስፓሩ፣ ካናርድ የሚባለው የፊተኛው ትንሽ ክንፍና ዋናዎቹ ክንፎች ለየብቻ ይሂዱ።

ደግሞም ስቱኮና ቀለም አትንኪ። የፋይበርግላስ ደግነቱ ብርሃን ማሳለፉ ነው፤ ሬዚን ያልጠጣ ቦታና የታፈነ አየር ነጣ ብሎ ይታያል። ካርቦን ይህ ጸጋ የለውም። ተቆጣጣሪው ራቁቱን ፋይበርግላስ ሲያይ ሥራሽን ያነባል፤ ስቱኮ ከቀባሽው የሚያየው ስቱኮሽን ነው።

ተቆርጦ ገና ያልለበሰ ፎም ካለሽ ከተቆረጠበት ቅርፊት አታውጪው። እዚያው ውስጥ ይጓዝ።

4. ጨርቁን ይዘሽ ሂጂ፣ ሙጫውን ተዪው።

ሬዚንና በተለይም ማጠንከሪያው በማጓጓዣ ሕግ አደገኛ ዕቃ ሊባሉ ይችላሉ፤ ማጠንከሪያው የሚያቃጥል ኬሚካል ነው። ከቤት ዕቃ ጋር ደብቆ መላክ ወንጀል ነው፤ ቢፈስ ደግሞ የሚያበላሸው የራስሽን ክንፍ ነው። ከዚያም በላይ ዕድሜ አለው፤ ቀዝቃዛ ቦታ ሲቆይ ሬዚኑ እንደ ቆየ ማር ይረጋል። ለጓደኞችሽ ስጪው። የምትሄጂው የዚህ ጥበብ አገር ነው፦ የመጀመሪያው የፋይበርግላስ ተንሸራታች፣ እ.ኤ.አ. በ1957 የበረረው ፎኒክስ፣ የተጀመረው በሽቱትጋርት ተማሪዎች እጅ ነው። ኤል 285ም የዚያው አገር ልጅ ነው፣ ለተንሸራታቾች ሥራ የጀርመን ባለሥልጣን ያጸደቀው። ሙጫ አታጪም።

ጨርቁ ግን የተለየ ነው። የንድፉ ስሌት የተሠራው ክብደታቸውና የክራቸው አቅጣጫ ለታወቀ ሁለት ዓይነት ጨርቆች ነው፤ አንዱ በሁለት አቅጣጫ፣ ሌላው በአብዛኛው በአንድ አቅጣጫ የተሸመነ። ጀርመን ያለው ጨርቅ ጥሩ ነው፤ ግን ያው አይደለም። የሚቀርሽን ሥራ የሚበቃ ጥቅል ገዝተሽ፣ በላስቲክ አሽገሽ ከእርጥበት ጠብቀሽ ውሰጂ። ብሎንና ዳዶሽንም እንዲሁ፤ ንድፉ በኢንች ነው፣ የሃምቡርግ ሱቅ የሚሸጠው በሚሊ ሜትር ነው። በ110 ቮልት የሚሠሩትን መሣሪያዎች ለእኔ ብትተዪልኝ አልቀየምም።

5. ሞተር አትግዢ። ቅናሽ ቢሆንም አትግዢ። ሳይሠራ ዓመታት የተቀመጠ ሞተር ሲሊንደሩን ዝገት ይበላዋል፣ ዋስትናውም በሳጥን ውስጥ እያለ ያልቃል። የመብረሪያ መሣሪያዎቹም ስክሪን እንዲሁ፤ የመጨረሻ ግዢዎች ናቸው።

6. መዝገብሽ በእጅ ሻንጣሽ ይግባ።

ቦሌ ሃንጋር ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠር ነበር፤ ሲያትልም እንዲሁ። ለየቀኑ ሥራ፦ ቀኑ፣ የክፍሉ ሙቀት፣ የሬዚኑና የማጠንከሪያው የምርት ቁጥር፣ የጨርቁ ጥቅል፣ ያገዘሽ ሰው ስም። ከእያንዳንዱ ቅይጥ የተረፈውን ቀን ጽፈሽበት አስቀምጪ፤ ክፍሉ ሲጠየቅ የሚመሰክረው እሱ ነው። ደረሰኞቹ ዋናው ከአንቺ ጋር፣ ቅጂው ከእናትሽ ጋር ይሁን። ንድፉን ደግሞ በእርሳስ ከጻፍሽበት ማስታወሻ ጋር ያዢ፤ ሌላ ቅጂ መግዛት ይቻላል፣ ያ ማስታወሻ ግን አይገዛም።

7. ሳጥኑን ራስሽ ሥሪ።

ቤት የሚያጓጉዙት ሠራተኞች ሶፋ ያውቃሉ። ክንፍ አያውቁም። ለሳጥኑ የምትገዢው ጣውላ በሙቀት የታከመና የአይ.ኤስ.ፒ.ኤም. 15 ማህተም ያለበት ይሁን፤ ተባይ እንዳይሻገር የወጣ ዓለም አቀፍ ደንብ ነው፣ ማህተም የሌለው እንጨት ወደብ ላይ ያስይዛል። ኮምፔንሳቶ ከዚህ ደንብ ነፃ ነው። ድጋፉን ለመሥራት ብዙ አትድከሚ፦ ክንፉ ተቆርጦ ሲወጣ የተረፈው የፎም ቅርፊት የክንፉ ትክክለኛ ልክ ነው፤ አልጋው እሱ ይሁን። ክንፉ በፊት ጠርዙ ይቁም፤ ሸክሙ በርዝመቱ ይከፋፈል። እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ጨምሪ፤ ባሕር ላይ የኮንቴይነር ጣሪያ ያላባል። ገና የሚጣበቅ ቦታ ላይ የማሸጊያ ፕላስተር አትለጥፊ። የሲሊኮን ስፕሬይ ጋራዡ ውስጥ አይግባ። ሲሊኮን የነካው ቦታ ሙጫ አይዝም፣ በዓይንም አይለይም።

8. ጉምሩክን ቀድመሽ ጠይቂ።

የአውሮፓ ኅብረት መኖሪያውን ለሚያዛውር ሰው የግል ንብረቱን ከቀረጥ ነፃ ያስገባለታል፤ ደንቡ ቁጥር 1186/2009 ነው። የግል አውሮፕላንም በዝርዝሩ በስሙ አለ፣ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። በአጠቃላይ የሚጠየቀው ከኅብረቱ ውጭ ቢያንስ 12 ተከታታይ ወራት መኖርሽ፣ ንብረቱን ቢያንስ ለ6 ወራት ይዘሽ መጠቀምሽ፣ እዚያ በተቀመጥሽ በ12 ወራት ውስጥ ማስገባትሽ ነው። ካስገባሽ በኋላም ለ12 ወራት መሸጥ ወይም ማከራየት አትችዪም። ማነቆው «መጠቀም» የሚለው ነው። ያልበረረ አውሮፕላን ተጠቅመሽበታል? አንድ የጉምሩክ ሠራተኛ አዎ ይላል፣ ሌላው የፋይበርግላስ ጥሬ ዕቃ ነው ብሎ ቀረጥ ያሰላል። መልሱን መርከቡ ሳይነሳ በጽሑፍ አግኚ። በስልክ የተሰጠሽ መልስ ወደብ ላይ አያስጥልሽም።

9. ኢንሹራንስ ግቢ። የልፋትሽን ሰዓት ማንም አይከፍልሽም፤ የሚከፈለው በደረሰኝ የተረጋገጠ ዕቃ ነው። በራስሽ የታሸገ ዕቃ ላይ ምን እንደሚያስቀሩ ውሉን አንብቢ። ደግሞ ባለ ዕቃዎች ሁሉ የመርከቡን ኪሣራ የሚካፈሉበት የቆየ የባሕር ሕግ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ኤቨር ጊቭን የተባለው መርከብ ስዌዝ ላይ ተቀርቅሮ ሲወጣ ተግባራዊ ሆኗል። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ዕቃው ባይነካም መያዣ ሳያስይዝ አይረከብም።

10. ፎቅ ቤት ውስጥ ኤፖክሲ አትበጥብጪ።

ሃምቡርግ የምትከራዩት ቤት ጋራዥ እንደሌለው ባልሽ ነግሮኛል። ምድር ቤት ያለው ዕቃ ማስቀመጫ ለሥራ አይሆንም። ኤፖክሲ ቆዳን ያስቆጣል፤ አንዴ አለርጂ ከሆነብሽ ዕድሜ ልክ ነው፣ ጓንት እያደረግሽም ሊያሳክክሽ ይችላል። ልጅ በሚተኛበት ቤት ደግሞ የማይታሰብ ነው። ዩሬቴን የሚባለውን ሌላውን ፎም ደግሞ በጋለ ሽቦ እንዳትቆርጪ፤ ጭሱ መርዝ ነው፣ በቢላና በመጋዝ ነው የሚሠራው። በአካባቢው ያለ የተንሸራታች ክለብ ፈልጊ። ጀርመን ውስጥ ብዙ ናቸው፤ ፋይበርግላስ የሚጠግኑበት ሞቅ ያለ ክፍልም ያላቸው አሉ። መጀመሪያ ሄደሽ መሬት ጥረጊላቸው፣ ክንፍ አጥቢላቸው፣ ከዚያ ቦታ ጠይቂ። ሥራውን ስትቀጥዪ የቆየውን ገጽ በውኃ እጠቢ፣ አድርቂ፣ አብረቅራቂው እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊ፣ ከዚያ አጣብቂ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ፤ ሳይታጠብ ከተፈገፈገ ቅባቱን ወደ ውስጥ ማሸት ነው።

11. መሸጥም፣ መተውም ውርደት አይደለም።

አንዳንዱ ሰው ጅምር አውሮፕላኑን ከአገር አገር ሲያዞር ያረጃል። ባልሽ ሥራ ሲፈልግ፣ ልጅ ሲወለድ፣ ቋንቋ ስትማሪ፣ ሳጥኑ እዚያ ቆሞ ኪራይ ይበላል። በአሜሪካ ሕግ የአንድ አማተር ሥራ ለተከታዩ አማተር ይቆጠርለታል፤ መዝገቡ ሙሉ ከሆነ ጅምሩ ገዢ ያገኛል። የወጣበት ገንዘብ ሁሉ ይመለሳል ብለሽ ግን አትጠብቂ።

የእኔን ፍርድ ከፈለግሽ ይኸው። ውልሽ የሁለት ዓመት ከሆነ አውሮፕላኑ ባሕር አይሻገር፤ የእኔ ጋራዥ ግማሹ ባዶ ነው፣ ደረቅም ነው፣ እዚያ ይቆይሽ። ለዘለቄታው የምትኖሪ ከሆነ ግን ባለበት ደረጃ ታሽጎ ይሂድ፣ ክንፎቹም በጀርመኑ ተቆጣጣሪ ዓይን ሥር ይጠናቀቁ። በሁለቱም መንገድ፣ የጀርመኖቹ ማኅበር እስኪመልስልሽ ድረስ አዲስ ጨርቅ አታልብሺ። ደብዳቤውን ዛሬ ማታ ጻፊ፤ የማኅበሩ መልስ እጅሽ ሳይገባ ለመርከብ ድርጅቱ አንድ ዶላር እንዳትከፍዪ።